ሁለት ገጽ ለሰማንያ አራት ማሳ

አዳማ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገላና፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእግዚአብሔር ሰላም በእርስዎ፣ በልጅዎ በትህትናና በእናቷ ላይ ይሁን እላለሁ። እኛ፣ ስሙ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ አፉ ደህና ነው፤ ለወንድሜ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብሎኛል።

መደወል እየተቻለ ለምን ደብዳቤ ጻፈች ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ "እሺ ጋሼ" እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ እሺ ብያለሁ። አሁን የምናገረው ነገር ስላለኝ ጽፌ በኢሜይል ልኬዋለሁ። ጽሑፍ መሀል አያቋርጡኝም።

የላኩልኝ ላፕቶፕ ሥራ ይዟል። ከወለንጪቲ ዝቅ ብሎ ያለውን የመስኖ ማኅበር ያስታውሱታል ብዬ አስባለሁ። ሰማንያ አራት ማሳ ከአንድ ቦይ ይጠጣል። በሩም አንድ፣ ውሃውም አንድ ስለሆነ የሚጠጣው በተራ ነው። ያን ተራ አርባ ዓመት በጭንቅላታቸው የያዙት ኦቦ ዳዊ ናቸው፣ የውሃ አባት የሚሏቸው። አምና ግን መርሳት ጀመሩ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ለሁለት ሰው አንድ ተራ ሰጡ። ሁለቱም አካፋ ይዘው መጡ፣ አንደኛው ሆስፒታል ገባ። ኦቦ ዳዊ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብለው ሰው አያዩም ነበር።

ወደ እኔ የመጡት ራሳቸው ናቸው። በሚኒባስ አዳማ ድረስ መጥተው፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው በላይ ያለችውን ክፍሌን አንኳኩና "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የማስታውሰውን ሁሉ ሳልረሳው ወደዚህ ዕቃ አስገቢልኝ" አሉኝ።

ጻፍኩት። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይከፍትም። ማንም ሳይደርሰው ዙሩ አያልቅም። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚወጣ ነው። ፕሮግራሙ የዕለቱ ባለተራ ማን እንደሆነ ያወጣል፣ ለሰውየው በስልክ መልእክት ይልካል፣ በቃ። ቢታተም ሁለት ገጽ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። እርስዎ በዚህ ሙያ ሃያ ሰባት ዓመት የቆዩ ሰው ነዎት፤ በእኛ ዘር ኮምፒውተር የነካ የመጀመሪያው ሰውም እርስዎ ነዎት። እንዲያመሰግኑኝ አይደለም የላክሁት። ስህተት ይፈልጉልኝ። ውሃው ኅዳር 1 ይለቀቃል።

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ዱሬቲ መርዳሳ


ጎተንበርግ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 2024 (በእናንተ ጥቅምት 28)

ይድረስ ለልጄ ለዱሬቲ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል፣ ትህትና ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለመርዳሳ ጉልበት የሚሆን ቅባት በሰው እልካለሁ።

ደብዳቤሽ አስደሰተኝ። ለመሆኑ ኦቦ ዳዊ በሕይወት አሉ? እኔ እኮ ዋና የተማርኩት እዚያ ቦይ ውስጥ ነው። ውሃውን ታደፈርሳለህ እያሉ በሽመል ያባርሩኝ ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ ራቁቴን እስከ አስፋልቱ የሮጥኩበት ቀን አለ። ሰላም በያቸው።

ፕሮግራምሽን አየሁት። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ሲስተም አይባልም። የአስተዳዳሪው ገጽ የታለ? ሊቀ መንበሩ አስቸኳይ ነገር ቢገጥመው ተራ የሚያዛውረው በምንድን ነው? ነገ ከሽንኩርት ወደ ሐብሐብ ቢዞሩስ? ሰማንያ አራቱ ስምንት ሺህ ቢሆኑስ? ጥሩ ሲስተም ማለት ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ያሰበ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ሲስተም አለ፤ "ምሰሶ" ብዬዋለሁ። ለሆስፒታልም፣ ለሆቴልም፣ ለመኪና ማቆሚያም ይሆናል። አርባ ሺህ መስመር ነው፣ እያንዳንዱ ነገሩ እንደፈለጉት የሚስተካከል ነው። ለመስኖ ማዋል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

እዚህ የማውቀው አንድ የእርዳታ ድርጅት ለእናንተ አካባቢ ቦዮች የብረት በር ሊሰጥ አስቧል። ምሰሶ ከበሩ ጋር እንዲተከል አነጋግሬያቸዋለሁ። የገበሬዎቹን ስምና ስልክ ላኪልኝ። ያንቺን ለመማሪያ አስቀምጪው።

አምላክ ይጠብቅሽ።

ጋሼሽ ገላና


አዳማ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገላና፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ያን ብርድ ጌታ ያቅልልዎ። ቅባቱ ገና ሳይመጣ አባባ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

የገበሬዎቹን ዝርዝር እኔ አልላክሁም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ምልኬሳ ስለ ብረት በሩ እንደሰሙ ራሳቸው ልከውልዎታል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነበር "እሺ ጋሼ" የምለው። አልልም።

ተራ ማዛወሪያ የታለ ብለውኛል። ረስቼው አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ያ ቁልፍ ካለ የሚጫነው ሰው አይጠፋም። ዛሬ ለቅሶ ለሄደ ሰው ይዛወርለታል፣ ነገ ፒካፕ ይዞ ለመጣ ሰው ይዛወርለታል። እኛ ጋ ሁለት ገበሬ ተራ መቀያየር ከፈለገ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ለኦቦ ዳዊ ይናገራሉ፣ አለቀ። አንድ ሰው ብቻውን የሌላውን ውሃ መንካት አይችልም። ቁልፉ ከሌለ ኦቦ ምልኬሳንም ማንም አያስቸግራቸውም።

ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ያሰበ ሲስተም ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለ ስምንት ሺህ ገበሬ ስናስብ ሰማንያ አራቱን እንዳንረሳ ነው የምፈራው።

አሁን ኅዳር 1 የሆነውን ልንገርዎ። ልጅ ሆነው አይተውት ይሆናል፤ ውሃው ከመለቀቁ በፊት ሰዉ ሁሉ ቦዩ ራስ ላይ ተሰብስቦ የውሃው ሕግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ቅር ያለው ሰው ደረቁ ቦይ ውስጥ ወርዶ ይቆማል። መልስ አግኝቶ እስኪወጣ ውሃ አይለቀቅም፤ ሰው ቆሞበት ማን ይለቃል? ዘንድሮ ኦቦ ዳዊ "ሕጉን የያዘው ዕቃው ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ይነበብ" አሉ። ጋሼ፣ ፕሮግራሜን መስመር በመስመር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አነበብኩት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

"መልእክት ይላካል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ ካልመጣ ተራው ወደሚቀጥለው ያልፋል" የሚለው ላይ ስደርስ አዴ ጉዲቱ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦዩ ውስጥ ወረዱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው።

"እኔ ስልክ የለኝም" አሉ። "የኔ መልእክት የሚመጣው ኑሬ ሱቅ ነው። ዓርብ ኑሬ መስጊድ ሲሄድ ውሃዬ ያልፈኛል ማለት ነው?"

ልክ ነበሩ። ማንም ሳይደርሰው አይቀርም ያልኩትን ሕግ ራሴ ጥሼው ነበር። አሥር ጊዜ ሞክሬው ያላገኘሁትን ስህተት አዴ ጉዲቱ በጆሯቸው አገኙት። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረምኩት። የጨመርኩት ነገር የለም። መልስ መጠበቅ የሚለውን ከሥሩ አወጣሁት። ተራው የማሳው ነው፣ ስልኩ ወሬ ነጋሪ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በዘጠኝ መስመር አጠረ። አዴ ጉዲቱ ወጡ፣ ውሃው ተለቀቀ፣ እኔም ቤቴ ስገባ እየዘፈንኩ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ይህን ስህተት እርስዎ አላነሱልኝም። ለምን?

ጌታ ይባርክዎ።

ዱሬቲ


ጎተንበርግ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 2024 (በእናንተ ታኅሣሥ 12)

ይድረስ ለዱሬቲ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኛ ደህና ነን። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ።

ፕሮግራም ቦይ ዳር ቆሞ የሚነበብ ነገር አይደለም። እኔ ከሁለት መቶ መሐንዲሶች ጋር የሠራሁ ሰው ነኝ። አንዳችን የሌላችንን ሥራ ከዳር እስከ ዳር አንብበን አናውቅም፣ ሊሆንም አይችልም። ቀላል ነገር የሚያምርሽ ገና ዓለምን ስላላየሽው ነው። አንድ ቀን ይገባሻል።

ድርጅቱ ተስማምቷል። ምሰሶ ከጥር 1 ጀምሮ ሥራ ይጀምራል። ገርባ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ይተክለዋል። አስተዳዳሪዋ አንቺ ትሆኛለሽ፣ የይለፍ ቃሉም በእጅሽ ይሆናል። ይህ ትልቅ እምነት ነው። ስሜ ያለበት ሥራ ስለሆነ በወገኖቼ ፊት አታሳፍሪኝ።

ኦቦ ዳዊ ሰላምታዬን ሲሰሙ ምን አሉ? አስታወሱኝ?

ገላና


አዳማ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገላና፤

ለመጪው የልደት በዓል በሰላም ያድርስዎ። አባባ ቅባቱ ደርሶት እየተራመደ ነው፣ ይመርቅዎታል።

አስተዳዳሪ አልሆንም። ቁልፉ አይኑር ያልኩት ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ብቻ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። በኔም እጅ እንዲኖር አልፈልግም። አባባ ነገ አንድ የሚያውቀውን ሰው ይዞ መጥቶ "ልጄ፣ ዛሬን ብቻ" ቢለኝ እምቢ የምል ይመስልዎታል? ለእርስዎ እምቢ ለማለት ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ኦቦ ምልኬሳ "ያንቺ ፕሮግራም ይቁም" ብለዋል። በሩ ላይ ማዘዙን ያቆማል። ላፕቶፔ ላይ መሥራቱን ግን አያቆምም። በየማለዳው የዕለቱን ባለተራ ያወጣል፣ እኔ ለኑሬ እደውላለሁ፣ ኑሬ በሱቁ በር ላይ በጠመኔ ይጽፈዋል። ጠመኔ የሚከለክል ሕግ የለም። ጠመኔውንና ምሰሶን ሰዉ ያስተያያቸው።

ዓለምን አላየሽም ብለውኛል። ጋሼ፣ ወለንጪቲም ዓለም ነው።

ኦቦ ዳዊ ስምዎን ስነግራቸው ዝም አሉ። እንደሚያውቁት መርሳት ጀምረዋል።

ዱሬቲ


ጎተንበርግ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 (በእናንተ ጥር 12)

ለልጄ ለዱሬቲ፤

የጌታ ጸጋ ይብዛልሽ። ኩርፊያሽ በርዶልሽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ ረስቼዋለሁ።

ምሰሶ እንዴት እንደሚሠራ ብታዪ! ከዚህ ሆኜ ስክሪኑ ላይ አየዋለሁ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ውሃውን በሰዓቱ አግኝቷል። ደግሞም ዝርዝራችሁ ውስጥ ድግግሞሽ ነበረበት። ምሰሶ ማንም ሳይነግረው ራሱ አጽድቶታል። ሰማንያ አራት አይደላችሁም፣ ሰባ ዘጠኝ ናችሁ። ያንቺ ሁለት ገጽ ይህንን አያይም ነበር።

አሁን ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ማኅበሩ ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ለምለም ማሳ የሚታይበት ፎቶም ላኪልኝ። ሁለቱም በቶሎ ያስፈልጉኛል።

ጋሼሽ ገላና


አዳማ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገላና፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ።

ሰማንያ አራት ነን።

ደብዳቤዎን ሳነብ ሰባ ዘጠኝ የሚለው ላይ ስደርስ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። የኑሬ ጠመኔና የእርስዎ ስክሪን መጣላት ከጀመሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር። ጠመኔው ዛሬ የአዴ ጉዲቱ ተራ ነው ይላል፤ ገርባ ደግሞ እንዲህ የምትባል ሴት ኮምፒውተሩ ላይ የለችም ይላል። ኦቦ ምልኬሳም "ኮምፒውተር አይዋሽም" እያሉ ይመልሷቸው ነበር። ሽንኩርታቸው ሊቋጥር የደረሰበት ጊዜ ነበር። አሁን ቅጠሉ መሬት ላይ ተኝቷል።

የኑሬ ሱቅ ስልክ የስድስት ቤተሰብ ስልክ ነው። ምሰሶ ደግሞ አንድ ስልክ አንድ ሰው ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ስድስቱን አንድ አደረጋቸው፤ ዝርዝሩ ላይ የቀደመችውን ሑስናን ይዞ አምስቱን ሰረዘ። ሑስና ውሃዋን አገኘች፣ ለእርስዎም አረንጓዴ ታየዎት። የተሰረዘ ሰው ቀይ ሆኖ አይታይም ጋሼ። ከሌለ ምኑ ይታያል?

ሆቴሉን አስበዋል፣ መኪና ማቆሚያውን አስበዋል፣ ስምንት ሺህ ገበሬ አስበዋል። አዴ ጉዲቱን ግን አላሰቡም። እኔም አላሰብኳቸውም ነበር፤ ልዩነቱ የእኔ ፕሮግራም በፊታቸው መነበቡ ነው።

ሌላም አለ። የማዛወሪያው ቁልፍ በአሥራ አምስት ቀን አራት ጊዜ ተጭኗል። አራቱም ጊዜ ለአንድ የሐብሐብ እርሻ ነው፣ ለኦቦ ምልኬሳ የሚስት ወንድም። ኦቦ ምልኬሳ ክፉ ሰው አይደሉም። ዘመድ ሲለምናቸው "አይቻልም" ማለት ያቃታቸው ስለሚቻል ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ዳዊ በሩን አዘጉ። ቦዩ ሲጎድል አዴ ጉዲቱ ወረዱ። ከኋላቸው አራቱ ወረዱ። ቀጥሎ ሑስና ራሷ ወረደች፣ ውሃ የደረሳት ሴት። "ኮምፒውተሩ የእነሱን ለኔ ቆጥሮታል፤ እነሱ ሳይወጡ አልወጣም" አለች።

ኦቦ ዳዊ ገርባን ጠሩት። "ነጋ ነው፣ ሰላም ነው ልጄ፣ አንተን የሚጠላህ የለም። ያመጣኸውን ሕግ አንብብልን፣ እኛ እንሰማለን" አሉት።

ገርባ ጨዋ ሰው ነው፣ አነበበ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አነበበ። ስለ ሆቴል ክፍል አነበበ። ስለ መኪና ማቆሚያ አነበበ። ማንም አልሳቀበትም፣ ሰዉ ከልቡ ነበር የሚያዳምጠው። እስከ ስምንት ሰዓት ውሃ የሚል ቃል አልመጣም። ከብቶቹ ከወንዝ ሲመለሱ ላቡን እየጠረገ "ገና ሩቡ እንኳን አልደረስኩም" አለ፤ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

"በቃህ" አሉት ኦቦ ዳዊ። "አንተም አንብበህ የማትጨርሰውን ሕግ እኛ እንዴት አድርገን እንጠብቀዋለን?"

እጅ ወጣ፣ ምሰሶ ወደቀ። ማጥፊያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ በማንም አላመካኝም። የብረት በሩን ከፈለጉ ይውሰዱት ተብሏል፤ የእንጨቱ ይበቃናል። አምስቱ ተራቸውን አገኙ፤ ኦቦ ዳዊም ሑስናን እጇን ይዘው ከቦዩ አወጧት።

በሥራው እንጂ በእርስዎ አልተቆጣሁም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። በእርስዎም ተቆጥቻለሁ። ያሳደገኝ ምክርዎ ስለሆነ ደግሞ የባሰ ተቆጥቻለሁ።

የምስጋና ደብዳቤው አይጻፍም። ፎቶውን ግን አያይዤዋለሁ። የአዴ ጉዲቱ ማሳ ነው።

ዱሬቲ መርዳሳ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱሬቲ፤

ሰላም ለቤታችሁ፣ ሰላም ለቦዩ ሰዎች ሁሉ ይሁን።

ሁለት ወር ዝም ያልኩት መጀመሪያ ተቀይሜ ነው፣ በኋላ አፍሬ ነው። አንዱ አልቆ ሌላው የጀመረበትን ቀን አላውቀውም።

መስመሩን አገኘሁት። እኔው የጻፍኩትን ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈለግሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ለመኪና ማቆሚያ ብዬ የጻፍኩት ነው፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው ይላል። እዚህ አገር እውነት ነው። ግን እኔ እኮ ወለንጪቲ ያደግሁ ነኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስልክ ሲመጣላት ሰው ሮጦ ይጠራት ነበር፣ ለሰፈሩ ሁሉ ያለችው እሷ አንድ ስልክ ናት። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

ያልነገርኩሽም አለ። መሥሪያ ቤቴ ምሰሶን የጣለው ባለፈው ጥቅምት ነው፣ እኔንም አብሮ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ ብዬ የጻፍኩልሽ ቀን ሥራ አልነበረኝም። የምስጋናውን ደብዳቤ ለምን እንዳጣደፍኩሽ አሁን ይገባሻል። ትህትና እንኳን አታውቅም ነበር፣ ትናንት ነገርኳት።

ሌላም ዕዳ አለብኝ። የአዴ ጉዲቱን ስህተት ለምን አላነሳህም ብለሽ ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም። ፕሮግራምሽን አላነበብኩትም ነበር። ሁለት ገጽ መሆኑን አይቼ ዘጋሁት።

አሁን አነበብኩት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት፣ ደግሞ ከላይ ጀመርኩት። የማይገባኝ መስመር ፈለግሁ፣ አጣሁ። ባይኖር የሚሻል መስመር ፈለግሁ፣ እሱንም አጣሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ጊዜ አልሰጡኝም ልልሽ ነበር፣ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሰጥተውኛል።

አንድ ስህተት ግን አለበት። ፈልግልኝ ብለሽኝ ስለነበር እነግርሻለሁ። ሰማንያ አራት የሚለውን ቁጥር ሁለት ቦታ ጽፈሽዋል፤ አንዱ ማሳዎቹ የሚቆጠሩበት ላይ፣ አንዱ ዙሩ የሚያልቅበት ላይ። አንድ ቀን ማሳ ተጨምሮ አንዱን አርመሽ ሌላውን ከረሳሽው፣ የመጨረሻው ማሳ ዕድሜ ልኩን ተራ አይደርሰውም። ማንም አያይም፣ ምንም ቀይ አይበራም። አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ።

ለአዴ ጉዲቱ ምን እንደምል ንገሪኝ።

ገላና


አዳማ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሼ ገላና፤

የትንሣኤው ጌታ ልብዎን ያጽናናልኝ። ትህትናን ይሳሙልኝ። አባባ ደብዳቤዎን ሳነብለት ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ፣ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ጉልበቴን ነው አለኝ።

ልክ ነዎት። ሁለት ቦታ ጽፌዋለሁ። ሳየው ጆሮዬ ጋለ።

ደብዳቤዎን ይዤ ወለንጪቲ ወረድኩና ቦዩ ራስ ላይ ለኦቦ ዳዊና ለአዴ ጉዲቱ አነበብኩላቸው። አዴ ጉዲቱ እስከ መጨረሻው ሰምተው የጠየቁት ስለ ሽንኩርታቸው አይደለም። "ያ የመጨረሻው ማሳ የማን ነው?" አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለልጃቸው ለቦንቱ ሊሰጡ ነው። ሰማንያ አምስተኛዋ ቦንቱ ናት። አዴ ጉዲቱ ለእርስዎ የላኩት መልስ ይኸውልዎ፦ "ለኔ ምንም አይበለኝ። ለቦንቱ ያየላትን ግን መጥቶ በአፉ ይንገርላት።"

እዚያው ላርመው ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኦቦ ዳዊ በመዳፋቸው ዘጉት። ስህተት በደብዳቤ አይነገርም አሉ። ያገኘው ሰው ቦዩ ውስጥ ቆሞ ይናገረዋል፤ እስከዚያ አይታረምም፣ ሳይታረም ደግሞ ውሃ አይለቀቅም። እንዲህ ያለ ሕግ ድሮም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አሁን አለ" አሉኝ።

ያኔ ስምዎን ስነግራቸው ዝም ያሉት ረስተውዎት አይደለም ጋሼ። ሠላሳ አንድ ዓመት ብቅ ስላላሉ ተቀይመውዎት ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ የማያውቁት ሰውዬ፣ በእጅዎ ይዘው የሮጡት ጫማ ቡናማ እንደነበረ ነገሩኝ። "ያን ልጅ ከዚህ ቦይ ውጣ ስለው ነው የኖርኩት" አሉ። "አሁን ግባ ብሎሃል በይልኝ።"

ሰማንያ አራት የሚለውን ሁለቱም ቦታ ላይ እንዳለ ትቼዋለሁ፣ እጄን እየበላኝ። ውሃው የሚለቀቀው ኅዳር 1 ነው። ቦዩ ደረቅ ይሆናል፣ ሰማንያ አምስት ሰው ዳርና ዳር ቆሞ ይጠብቅዎታል፣ እርስዎ ሳይወርዱ በሩን የሚነካ የለም።

"እሺ ዱሬቲ" ይበሉኝ።

የወንድምዎ ልጅ ዱሬቲ